«ተጓዳኝ ሕመም ነበረባት» መልስ አይደለም

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ካርድ ላይ የምትፈርሙ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች። ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። የምጽፈው ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

«ተጓዳኝ ሕመም ነበረባት።»

መጋቢት 2012 ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ከተገኘ ወዲህ ይህቺን ያልሰማ ጆሮ የለም። የሟች ቁጥር ሲነገር አብራ ትነገር ነበር። ኮሮናው ከዜናው ወጣ፤ ዓረፍተ ነገሯ ግን አብራን ቀረች። አስም ያለባት አንዲት እናት ጉንፋን ይዟት በአምስተኛው ቀን አርፋለች እንበል። ለቅሶ ቤት «ምን ሆና ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱም ዝግጁ ነው፤ «ያው አስም ነበረባት እኮ።» ጠያቂው «እ... ለካ» ይልና ራሱን ይነቀንቃል። በቃ፣ ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

እኔ እዚያ እንዲያልቅ አልፈልግም።

ቫይረስ ይገድላል፤ ልክ ነው። የተጎዳ ሳንባ ቫይረስ ሲያገኘው ቶሎ ይረታል፤ ይሄም ልክ ነው። ስህተቱ ያለው «ስለዚህ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር» የሚለው ላይ ነው። ማንም አፍ አውጥቶ አይለውም፤ ዓረፍተ ነገሯ ግን የምትለው ያንኑ ነው። እኔ ደግሞ የምለው ይሄን ነው፦ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው በጉንፋን ሰበብ ለሞት ከሚያደርሱት ነገሮች ብዙዎቹ በሽታው ስም ውስጥ የሉም። ያሉት ጭሱ ውስጥ፣ ባልተገዛው ፓፍ ውስጥ፣ በየክሊኒኩ በሚወጋው መርፌ ውስጥ፣ ባልተሰጠው ክትባት ውስጥ፣ በከንቱ ባለፉት ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። እነዚህን ደግሞ «ተጓዳኝ ሕመም» ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ጉንፋን የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። ከመቶ በላይ ዓይነት ያለው ራይኖ ቫይረስ አለ፤ ኢንፍሉዌንዛ አለ፤ አር ኤስ ቪ የሚባለው አለ፤ የኮሮና ዘመዶችም አሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ትንሽ ተንገላተው ይሄዳሉ። ጤነኛ ሳንባ ተቀማጭ አለው። ሩጫ ላይ የምታወጡት፣ ተራራ ስትወጡ የምትጠቀሙበት፣ ስትታመሙ የምትኖሩበት ትርፍ አቅም ማለቴ ነው። አስም ያለበት ሰው ቧንቧዎቹ ቀድሞውንም ያበጡና ቶሎ የሚኮማተሩ ናቸው። ሲኦፒዲ ያለበት ደግሞ፣ ማለትም የአየር ቧንቧው ለዘለቄታው የጠበበበትና ሳንባው የተጎዳበት ሰው፣ ተቀማጩን በልቶ ጨርሶታል። ቤቱ ውስጥ ከመኝታ ወደ ሽንት ቤት መሄድ እንኳን ተራራ ይሆንበታል።

እንዲህ ያለ ሰው ላይ ተራ ጉንፋን ሲጨመር ቧንቧው የበለጠ ያብጣል፣ አክታው ይወፍራል፣ መተንፈሻው ይዘጋል። አክታን ጠርገው የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች በጭስ ከተበሉ ደግሞ ቆሻሻው እዚያው ይተኛል። ከዚያ ቫይረሱ በር ከፍቶ ባክቴሪያ ያስገባል፤ ሳንባ ምች የምንለው ይከተላል። የአስምና የሲኦፒዲ መባባስን ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኛው የቫይረስ ኢንፌክሽን ነው። ከእነዚያም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሰው የሚንቀው ራይኖ ቫይረስ ነው። «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» የምንለው እሱን ነው። አዎ፣ እናንተ ላይ ያልፋል።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. 2020ን አስታውሱ። ዓለም ማስክ አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ቤቱ በተቀመጠበት ጊዜ በብዙ አገሮች በሲኦፒዲ መባባስ ሆስፒታል የሚገባው ሰው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። የሕሙማኑ ሳንባ አልዳነም፤ ያው ሳንባ ነው። ሆስፒታል ከመምጣት ፈርቶ የቀረም እንደነበር አውቃለሁ። ግን ቫይረሱ መንገድ ሲዘጋበት ሰዎቹ እንደተረፉ ማስተባበል አይቻልም። እኛ ከዚያ ምን ተማርን? ማስኩን ጣልነው፣ አንዲት አስም ያለባት አክስታችን ታክሲ ውስጥ ስታደርግ ደግሞ «አሁንም ኮሮና አለ እንዴ?» ብለን እንስቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ። የበሽታው ስም ብቻውን ፍርድ ቢሆን ኖሮ አስም ያለበት ሁሉ እኩል በሞተ ነበር። አልሆነም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. 2020 ከ17 ሚሊዮን በላይ ጎልማሶች የሕክምና መዝገብ ታይቶ ነበር። አስም ኖሮባቸው በቅርቡ የስቴሮይድ ክኒን ያልወሰዱ ሰዎች በኮሮና የመሞት ዕድላቸው አስም ከሌለባቸው ብዙም አልተለየም። ከፍ ያለው በቅርቡ ስቴሮይድ ክኒን የወሰዱት ላይ ነው። ስቴሮይድ ክኒን የታዘዘለት ሰው ብዙውን ጊዜ አስሙ ከቁጥጥር የወጣበት ሰው ነው። ሲኦፒዲና መሰል የሳንባ ሕመም ያለባቸው ደግሞ አደጋቸው በግልጽ ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ «አስም ነበረባት» አይበቃም። ጥያቄው «አስሟ በቁጥጥር ሥር ነበር ወይ? ካልነበረስ ለምን?» ነው።

አዎ፣ የማንለውጠው ነገር አለ። ዕድሜ አይመለስም። የልብ ሕመም፣ ስኳር፣ የኩላሊት ድካም አብሮ ሲኖር አደጋው ይጨምራል። ከክብደቱ የወረደ፣ ሥጋው ያለቀ ሰው አቅም ያጥረዋል። ባለፈው ዓመት በመተንፈስ ችግር ሆስፒታል የተኛ ሰው ዘንድሮም የመተኛት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከምልክቶች ሁሉ አንዱ ትልቁ ምልክት ይሄ ነው። ግን እሱ ራሱ ደወል ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ደወሉን ሰምተን ምን አደረግን? ያንን ነው የምጠይቀው። አንድ በአንድ ልሂድበት።

አንደኛ፣ ጭሱ።

ክሊኒክ ውስጥ «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ትባላለች። «ኧረ በስመ አብ!» ትላለች። ካርዱ ላይ «አታጨስም» ተብሎ ይጻፋል። አርባ ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ማድቤት እንጨትና ኩበት አንድዳ እንጀራ የጋገረች ሴት «አታጨስም» ተባለች! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲኦፒዲ ከትምባሆ ይመጣል። እንደኛ ባሉ አገሮች ግን የትምባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፤ የቤት ውስጥ ጭስ ትልቅ ምክንያት ነው። አገራችን ውስጥ ከአስር ቤት ዘጠኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ነው። ታዲያ ከውጭ መጽሐፍ የተገለበጠ ጥያቄ ጠይቀን እናታችንን ከአደጋው ዝርዝር ፍቀን እናወጣታለን።

ጥያቄውን ቀይሩት። «እንጀራ በምን ነው የምትጋግሪው? ስንት ዓመት? ማድቤቱ ጭስ ማውጫ አለው?» በሉ። ሦስት ጥያቄ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቤት ውስጥ ላላችሁት ደግሞ፦ አስም ያለባት ሴት ጉንፋን በያዛት ሳምንት እሳት ፊት መቀመጥ የለባትም። ያን ሳምንት እንጀራ ግዙ፤ ካልሆነ ወንዶቹ ተነስታችሁ ጋግሩ፣ እጃችሁ አይቆረጥም። እጣኑንም ያን ሳምንት ተዉት። በባሕር ዛፍ ቅጠል ብርድ ልብስ ተከናንቦ መታጠኑም ቧንቧው ለሚቆጣ ሰው መድኃኒት አይደለም፤ ሲያፍን ነው ያየነው። ሲጋራና ሺሻ የምታጨሱ፣ የእናንተ ጭስ የእናንተ ብቻ አይደለም። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ማጨስን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1112 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሕግ ግሮሰሪና ጫት ቤት ውስጥ ፈልጉትና አሳዩኝ።

ሁለተኛ፣ ፓፉ።

«ፓፍ ሱስ ያስይዛል።» ይህን ያላለ ጎረቤት የለም። ሱስ አያስይዝም። ሰው መነፅር ሲያደርግ ሱስ ያዘው አይባልም፤ ፓፍም እንደዚያው ነው። ግን ከዚህ የከፋው ሌላው ነገር ነው፤ ብዙ ሕመምተኛ ያለው አንድ ፓፍ ብቻ ነው፣ ሰማያዊው፣ ሳልቡታሞል። እሱ ቧንቧውን ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ እብጠቱን አይነካውም። እብጠቱን የሚያክመው በየቀኑ የሚሳበው የስቴሮይድ ፓፍ ነው፤ ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ የሚባሉት። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም አይገባም ብሏል። ለምን? ሰማያዊው ሲያስታግስ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ እብጠቱ ግን ከሥር ይነዳል። ቫይረሱ ሲመጣ የሚያገኘው ደረቅ እንጨት ነው።

እንግሊዞች የአስም ሟቾቻቸውን መዝገብ አንድ በአንድ መርምረው እ.ኤ.አ. 2014 ሪፖርት አወጡ። ከ195 ሞቶች ሁለት ሦስተኛ ገደማ በሚሆኑት ላይ ሊወገዱ ይችሉ የነበሩ ምክንያቶች ተገኙ። ወደ ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ እርዳታ ሳይጠይቁ ወይም እርዳታው ሳይደርስላቸው የሞቱ ናቸው። ማስታገሻውን ፓፍ በዓመት ከአስራ ሁለት በላይ ሲወስዱ «ለምን ይሄን ያህል?» ያላላቸው ሰዎች ነበሩበት። ይሄ እንግሊዝ ነው፣ ሕክምና በነፃ ባለበት አገር። እነሱ «አስም ነበረበት» ብለው አልዘጉትም፤ መዝገቡን ከፍተው አዩ። እኛስ ማንን ከፍተን አየን?

እና ፋርማሲስቶቼ፣ እናንተ ጋ መልእክት አለኝ። በወር ሁለት ሰማያዊ ፓፍ የሚገዛ ሰው ጥሩ ደንበኛ አይደለም፤ አደጋ ላይ ያለ ሰው ነው። ሸጣችሁለት አትሸኙት፤ «ሌላኛው ፓፍ አለህ?» በሉት። አጠቃቀሙንም አሳዩት። ጉሮሮው ላይ እየረጨው ሳንባው የማይደርሰው ስንቱ ነው! የፓፍ ማስተላለፊያ ቱቦ ውድ ነው ካላችሁ ደግሞ፣ ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. 1999 ባሳተሙት ጥናት ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ በልኩ ተበስቶ ፓፉ በደንብ ሲገጠምበት አስም ያለባቸው ልጆች ላይ ከፋብሪካው ቱቦ እኩል እንደሚሠራ አሳይተዋል። ባዶ ሃይላንድ ማለት ነው። በየመንገዱ ተጥሎ የምንረግጠው። የስቴሮይድ ፓፍ ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ፤ በቃ ይሄው ነው ጣጣው።

ሦስተኛ፣ መርፌው።

«ዴክሳ ውጉኝ፣ እሱ ነው የሚያሽለኝ።» ይህን የማይሰማ ክሊኒክ የለም፤ ሳያቅማሙ የሚወጉም ሞልተዋል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ልናገር፤ ስቴሮይድ ጠላት አይደለም። አስሙ ወይም ሲኦፒዲው ሲባባስ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀን የሚወሰድ ፕሪድኒሶሎን ሕይወት ያድናል። ችግሩ ለእያንዳንዱ ሳልና ንፍጥ መርፌ መውጋቱ ነው። ዴክሳ ትኩሳቱን ይደብቃል፣ ምግብ ያስበላል፣ ሰውየው «ዳንኩ» ይላል። በየወሩ ሲደጋገም ግን የሰውነት መከላከያ ይወርዳል፣ ስኳር ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል። ኮሮና ጊዜ «ዴክሳ መድኃኒት ተገኘለት» ተብሎ ሰው ሲጨፍር ታስታውሳላችሁ። ያው የእንግሊዝ ጥናት እኮ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘው ኦክስጅን ላይ ላሉት ነው። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ጥቅም አላሳየም። ግማሹን ዜና ሰምተን ሙሉውን መርፌ ወጋን።

አንቲባዮቲኩም እንደዚያው። ቫይረስን አይነካም። ጉንፋን በያዘ በመጀመሪያው ቀን አሞክሳሲሊን ገዝቶ የዋጠ ሰው ሕክምና ያገኘ ይመስለዋል፤ ያገኘው ግን መዘግየትን ነው። ባክቴሪያ ተጨምሮበት እንደሆነ የሚወስነው ያየው ሐኪም ነው፣ የሰፈር ልምድ አይደለም።

አራተኛ፣ የቲቢው ጠባሳ።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ሰው ስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሶ «ድነሃል፣ በርታ» ተብሎ ይሸኛል። እውነት ነው፣ ከቲቢው ድኗል። ሳንባው ግን ብዙ ጊዜ ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ ቧንቧው ይሰፋል ወይም ይጠባል፣ አክታ ይከማቻል። ከዚያ በየጉንፋኑ ሳል ሲበረታበት «ቲቢው ተመለሰ» እየተባለ ደግሞ ደጋግሞ የቲቢ መድኃኒት የሚጀመርለት አለ። ሳንባውን ለክቶ «አሁን ያለብህ ሌላ የሳንባ ሕመም ነው፣ ክትትል ያስፈልግሃል» የሚለው ግን ጥቂት ነው። በአፍ ተነፍቶ የሳንባን አቅም የሚለካው መሣሪያ፣ ስፓይሮሜትር፣ እንደ ደም ግፊት መለኪያ በየቦታው መኖር ሲገባው ትልልቅ ሆስፒታል ውስጥ ተደብቋል። ሳይለካ ደግሞ አስሙን ከሲኦፒዲው መለየት ይከብዳል። መለየቱ ደግሞ የቅንጦት አይደለም፤ አስም ላይ ሕይወት የሚያድነው የስቴሮይድ ፓፍ ሲኦፒዲ ላይ ለሁሉም አይታዘዝም፣ የሳንባ ምች አደጋን ስለሚጨምር።

አምስተኛ፣ ክትባቱ።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲኦፒዲ ባለባቸው ሰዎች ላይ መባባስን እንደሚቀንስ ከታወቀ ቆይቷል። እኛ ጋ ግን በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ለጎልማሶች አይሰጥም። የሳንባ ምችን ከሚያመጡት ዋና ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከለው ክትባት ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል፤ እሰየው ነው። ሲኦፒዲ ያለባት አያትየውስ? «አዋቂ መከተብ አይቻልም» እንዳትሉኝ። 2013 ላይ የኮሮና ክትባት ሲገባ የጤና ባለሙያ፣ አረጋዊና ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ይቅደም ብለን ሰልፍ አሰልፈን ከትበናል። እንደምንችል ራሳችን አሳይተናል። የጎደለው ፍላጎት ነው።

ውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እናንተ ሰበብ የላችሁም። አሜሪካ ያላችሁ ሰፈራችሁ ያለው ፋርማሲ ውስጥ ገብታችሁ በአምስት ደቂቃ ትወጣላችሁ። እንግሊዝ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት በነፃ ይሰጣል። ለአር ኤስ ቪም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለትልልቅ ሰዎች ክትባት አለ። «እሱ ክትባት ራሱ ጉንፋን ያስይዛል» የምትሉ፣ የሚወጋው ክትባት ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም፤ ክንድ ቢያምም፣ አንድ ቀን ቢያተኩስም ኢንፍሉዌንዛ አያስይዝም። ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ስትመጡ ደግሞ እናንተ ያላችሁበት የጉንፋን ወቅት መሃል ላይ ነው። ለአስም ላለባት እናታችሁ ሽቶና ጫማ ከማምጣታችሁ በፊት እያሳላችሁ አትቀፏት። እያሳላችሁ ከደረሳችሁ ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሁለት ሦስት ቀን ራቅ በሉ። እናት ትቀየማለች እንዳትሉ፤ ተቀይማ ትኑር።

ስድስተኛ፣ የጠፉት ቀናት።

ቤተሰቡ ለምን እንደሚዘገይ አውቃለሁ። መጀመሪያ «ብርድ መታት» ይባላል። ከዚያ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ከዚያ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ መርፌ። ከዚያ ጸበል። በስድስተኛው ቀን ከንፈሯ ጠቁሮ ድንገተኛ ክፍል ትደርሳለች። ዳማከሴውንም ጸበሉንም አልነካም፤ እምነታችሁ የእናንተ ነው። የምለው፣ ፓፉን ይዛችሁ ሂዱ፤ አቋርጡ ያለ ሰው ካለ እሱ ሳንባዋን አያውቀውም። ማንኛውም ነገር የሐኪሙን ቀን አይብላባት።

አሁን መልስ ለሚሰጡኝ መልስ ልስጥ፤ ኮመንት ላይ የሚመጣውን ስለማውቅ።

«ድህነት ነው፣ ምን እናድርግ?» የሚል አለ። ድህነቱን አልክድም። ሲኦፒዲ እ.ኤ.አ. 2021 ብቻ በዓለም 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከ70 ዓመት በታች ሆነው ከሚሞቱት 90 በመቶ የሚጠጉት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ያሉ ናቸው። ሀብታሙ አገር ውስጥ ሰው ዕድሜ ጠግቦ የሚሞትበትን በሽታ እኛ ያለ ዕድሜያችን እንሞትበታለን ማለት ነው። ግን ከላይ የዘረዘርኩትን ተመልሳችሁ እዩት። ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ስንት ብር ነው? የፓፍ አጠቃቀም ማሳየትስ? ባዶ ሃይላንድ? ማስክ? መስኮት መክፈት? ያላስፈላጊው መርፌና አንቲባዮቲክ ላይ የምናወጣው ገንዘብ የስቴሮይድ ፓፍ አይገዛም ወይ? ድህነት ከሰው የሚወስደው ብዙ ነው፤ እኛ ደግሞ ያልወሰደውን እየጨመርንለት ነው።

«ዕድሜዋ ደርሶ ነው» የሚልም አለ። ስልሳ ዓመት መሞቻ ዕድሜ የሆነው መቼ ነው?

«ፈጣሪ ያለው ነው» የሚልም አለ። አሜን፣ ቀኑን እሱ ያውቃል። ጭሱን ግን እሱ አላነደደውም።

ለድሮ ተማሪዎቼ የመጨረሻ ልመናዬ ይህ ነው። ሞት ማስታወሻ ላይ «ተጓዳኝ ሕመም» ብላችሁ ስትጽፉ እጃችሁ ይቁምና አምስት ነገር ጨምሩ። በየቀኑ የሚወሰድ ፓፍ ነበራት ወይ? ካልነበራት፣ አልታዘዘም ነው ወይስ ታዞ አልተገኘም ወይስ አልተገዛም? የምታበስለው በምን ነበር? ከታመመች ስንተኛ ቀኗ ላይ መጣች፣ በመካከሉስ የት የት ሄደች? ስንት ጊዜ ስቴሮይድ መርፌ ተወጋች? ባለፈው ዓመት ተኝታ ከወጣች ማን ተከታተላት? እነዚህን በየዋርዱ ለአንድ ዓመት ጻፉና አምጡ። «የስቴሮይድ ፓፍ በየጤና ጣቢያው ይግባ፣ ለሳንባ ሕመምተኛ የጎልማሳ ክትባት ይጀመር» ስንል ያኔ ወሬ ይዘን አይደለም የምንሄደው፤ መዝገብ ይዘን ነው። መድኃኒት ግዢ ላይ የሚወስኑ ሰዎች መድኃኒቱ አለመኖሩ ማንን እንደገደለ ካልተጻፈላቸው ከየት ያውቁታል?

ቤተሰብ ለሆናችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። አስም ወይም ሌላ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ጉንፋን ሲይዘው የዘወትር ፓፉን እንዳያቋርጥ። ማስታገሻው አራት ሰዓት ካልቆየለት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ካቃተው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋባ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሌሊትም ቢሆን ውጡ። «ይንጋ» አትበሉ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ደህና በሆነ ቀን ለክታችሁ ቁጥሩን ጻፉት፤ የታመመ ቀን ከራሱ ቁጥር ጋር እንድታነጻጽሩት። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው እያፈነው ከሆነ ግን ሰውየውን እመኑት።

በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት «አስም ነበረባት እኮ» ሲባል ስትሰሙ፣ ሐዘንተኛውን ሳታስቀይሙ፣ ከደጅ ወጣ ብላችሁ የቤቱን ልጅ ጠይቁት፤ «ሌላ ፓፍ የሚወስድ ሰው ቤታችሁ አለ?» በሉት። ብዙ ጊዜ አለ። እህቷ ናት፣ ወይ ልጇ። እሷ ጋ ሂዱ፣ የምትስበው የቱን እንደሆነ እዩ፣ ሰማያዊው ብቻ ከሆነ ነገ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ሼር አድርጉት። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ አንብቡላቸው፤ ማድቤት ድረስ ገብታችሁ።